የወንድሜ ሠርግ ጎጃም ነው፤ ባለቤቴ ግን ገንዘብ ልከን እንቅር ይላል

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት በምዕራብ ጎጃም፣ ከጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ትዳር ይዤ አዲስ አበባ መኖር ከጀመርሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ለቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከጥምቀት በኋላ ባለው በሁለተኛው እሑድ ያገባል፤ አባቴም የሙሽሪትን ጥሎሽ ከአዲስ አበባ ገዝቼ ይዤ እንድመጣ አዝዘውኛል። ባለቤቴ ግን «ሕፃን ታቅፎ በዚያ መንገድ አይኬድም፤ ገንዘብ ልከን እንቅር» ይላል። ከአራት ዓመት በፊት የአጎቴ ልጅ ስትዳር አብሮኝ ሄዶ የሚያጫውተው ሰው አጥቶ መመለሱንም አልረሳውም። መሥሪያ ቤቴ የሚፈቅድልኝ አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። ሠርጉ ወደ ትንሣኤ እንዲገፋ በሙሽራው በወንድሜ በኩል ባስጠይቅ፣ አባቴ «ካልመጣች አልቀየማትም፤ ዳሱ ውስጥ ግን ቦታዋ ባዶ መሆኑን ሰው ሁሉ ያያል» ብለው መለሱልኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አባትዎና ባለቤትዎ የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። ባለቤትዎ የሚናገሩት ስለ መንገዱና ስለ ሕፃኗ ነው፤ አባትዎ የሚናገሩት በቤቱ ውስጥ ስላለዎት ቦታ ነው። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ በግልጽ ልንገርዎት። መንገዱ ክፍት ከሆነ ይሂዱ፤ ሲሄዱ ግን ለድግሱ ቀን ብቻ የሚደርስ እንግዳ አይሁኑ፣ ከሠርጉ አስቀድመው ባሉት ቀናት ይድረሱ። ጥሎሹን ከእርስዎ ጋር አይጫኑት፣ ቀደም አድርገው ይላኩት። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ እንደሚቀሩ፣ ይህንኑ ለአባትዎ ከአሁኑ በራስዎ አንደበት ይንገሩ።

ሠርጉን ወደ ትንሣኤ ማዛወር የሚለውን ሐሳብ እዚህ ላይ ብንተወው ይሻላል። በባላገር ቤት የሠርግ ወቅት ጠባብ ነው። የነቢያት ጾም በታኅሣሥ መጨረሻ በልደት ይፈታል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ እንደ ዓመቱ በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ይገባል፤ በመካከሉም የነነዌ ሦስት ቀናት አሉ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው፣ ዳጉሳው ለጠላና ለአረቄ የሚተርፈው፣ የበርበሬው ሽያጭ ገንዘብ በእጅ የሚገኘው፣ በሬዎቹም ከቀንበር የሚያርፉት በዚሁ ወቅት ነው። እርግጥ ከትንሣኤ በኋላም ሠርግ ይሠረጋል፤ ነገር ግን በቆሎና ዳጉሳ በሚዘራበት አገር ግንቦት የእርሻ ወር በመሆኑ ለድግስ ሥራ የሚውል ጎረቤት እንደ ጥር እንደ ልብ አይገኝም። በዚያ ላይ ቀኑ የአባትዎ ብቻ አይደለም፤ ከሙሽሪት ወላጆች ጋር በሽማግሌዎች ፊት የተቆረጠ ቀን ነው፤ አባትዎ እርሱን ለመለወጥ እንደገና ሽማግሌ መላክ ሊኖርባቸው ነው። ሠርጌ ይዘግይ የሚለውን ጥያቄ ሙሽራው ራሱ ለአባቱ እንዲያደርስ መደረጉም ወንድምዎን ሳያሳዝነው አልቀረምና፣ ሲያገኙት ይህን አንሥተው ቢያባብሉት መልካም ነው።

አሁን ወደ አባትዎ ቃል ልመለስ። «ቦታዋ ባዶ መሆኑን ሰው ሁሉ ያያል» ያሉት ለማስፈራራት አይመስለኝም። እኔም የጎጃም ልጅ ነኝና የገጠር ሠርግ ላይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ዘመድ ዳሱ ውስጥ ገና አረፍ እንዳለ፣ የመጀመሪያው ብርሌ ወይም ጣሳ እጁ ሳይገባ፣ የቤቱን ልጆች በዓይኑ ይቆጥራል፤ ያጣውንም በስም ይጠይቃል። «የበኩር ልጅዎስ? አልመጣችም እንዴ?» ይላል። አባት ይህ ጥያቄ በዚያ ቀን ከአንድ ሰው ብቻ አይመጣባቸውም። ምክንያቱን አስቀድመው የሰሙ፣ ያመኑበትና የመረቁበት አባት «የስምንት ወር ሕፃን ታቅፋ መንገድ ተዘጋባት፤ ሐሳቧ ግን እዚሁ ነው» ብለው ቀና ብለው ይመልሳሉ። ሳይነገራቸው የቀረባቸው፣ ወይም በሦስተኛ ሰው በኩል «ሥራ በዝቶባታል» የሚል የተቆራረጠ ወሬ የደረሳቸው አባት ግን የሚመልሱት ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ቢሄዱም ቢቀሩም ለአባትዎ ያለብዎት ግዴታ አንድ ነው፤ ለሚጠይቃቸው ሰው የሚሰጡትን መልስ አስቀድመው ሊሰጧቸው ይገባል።

ስለ ዕረፍቱ ብዙ አልልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በጋብቻ ምክንያት ሦስት የሥራ ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጠው ለሚያገባው ሠራተኛ ለራሱ ነው፤ የወንድም ሠርግ በዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሚወስዱት ከዓመት ዕረፍትዎ ላይ ነው፤ እርሱም በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ የሚሄድ ነው። ጥያቄዎን በጽሑፍ አሁኑኑ ያስገቡ፤ በጥር ዕረፍት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው።

አምስቱን ቀን እንዲህ ቢከፋፍሏቸው እመርጣለሁ። ረቡዕ በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ይደሩ፤ ሐሙስ ለምሳ ቤት ይድረሱ፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ ከቤተሰብዎ ጋር ይሁኑ፤ ሰኞ ተነሥተው አሁንም ማርቆስ አድረው ማክሰኞ አዲስ አበባ ይግቡ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞና ማክሰኞ አምስት የሥራ ቀን ናቸው። በዚህ አከፋፈል መልሱም ቅልቅሉም ያመልጥዎታል። እንደሚያሳዝንዎት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ብዙ የከተማ ልጆች የሚያደርጉትን፣ ቅዳሜ ማታ ደርሶ ለመልሱ መቆየትን አልመክርዎትም። መልስ የሙሽሪት ወላጆች ቤት ነው፤ በዚያ እርስዎ የክብር እንግዳ ነዎት፤ ባይገኙም ድግሱ አይጎድልም። እናትዎ የሚፈልጉዎት ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ነው።

እነዚያን ሦስት ቀናት ያስቧቸው። ጠላው ከተጠነሰሰ ሰንብቷል፤ ዳሱ እየተጣለ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ምጣዱን፣ ጋኑንና መሶቡን እያመጣ ነው። ሴቶቹ በቡድን ሆነው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ አንዷ ዘፈን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ እናትዎ ደግሞ ከማድቤት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ዳስ ይመላለሳሉ፤ ስንት ዶሮ እንደ ታረደ፣ ቅቤው የት እንደ ተቀመጠ፣ ለካህናቱ የሚቀርበው ለብቻ መሠናዳቱን የሚጠይቃቸው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት «እማዬ፣ ይህን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በዪ» የምትል ልጅ የምትሰጠውን ዕረፍት በባንክ የተላከ ገንዘብ አይሰጥም። ከእናትዎም ከአባትዎም ጋር ቁም ነገር የሚያወሩበት ጊዜ የሚገኘው በእነዚሁ ምሽቶች ነው፤ እሑድማ ሰው በዝቶ ሰላምታ እንኳ በጥድፊያ ነው።

ከእሑዱ አንድ ነገር እንዳያመልጥዎት እለምንዎታለሁ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ወደ ሙሽሪት ቤት ከመነሣቱ በፊት የአባቱን፣ የእናቱንና የታላላቆቹን ጉልበት እየሳመ ምርቃት ይቀበላል። የበኩር እኅት በዚያ ረድፍ ላይ ቦታ አላት። ወንድምዎ ጎንበስ ሲል ቀና አድርገው አቅፈው የሚመርቁት፣ እልልታውንም የሚያስነሡት እርስዎ ሊሆኑ ይገባል። አባትዎ ባዶ ይሆናል ብለው የፈሩት ቦታ ይህ ይመስለኛል።

መንገዱን በተመለከተ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ይህንንም በአባትዎ ፊት ጭምር ሊመሰክሩላቸው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ በዚህ መስመር ተሳፋሪዎች መታገታቸውም ተሰምቷል። ሕፃን ልጅ ያለችው አባት ይህን ሰምቶ ባይጨነቅ ነበር የሚያስገርመው። ስለዚህ ውሳኔውን በጭፍን «እንሄዳለን» ወይም «እንቀራለን» አታድርጉት፤ ሁለታችሁ የምትስማሙበትን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡ። እኔ ብሆን የማስቀምጠው የሚከተለውን ነው። ከመነሻችሁ ቀን አስቀድሞ ባሉት ተከታታይ ቀናት ተሽከርካሪ ያለ ችግር ያለፈ መሆን አለበት፤ ይህንንም ከአንድ ሰው አፍ ሳይሆን ከመናኸሪያ ሹፌሮች፣ ደጀን ወይም ማርቆስ ካለ ዘመድና ከአገር ቤት አጣሩ። ሦስቱ የሚሉት ካልገጠመ አትነሡ። የሠርግ ጉጉት ሰውን «እባካችሁ ኑ፣ ምንም የለም» እንደሚያሰኝ አስታውሱ፤ በቅን ልብ ነው የሚሉት፣ ግን መንገዱን ያዩት እነሱ አይደሉም። የመነሻችሁን ቀንና ሰዓትም ለቅርብ ሰው ብቻ ንገሩ። በጨለማ አትጓዙ፤ ለዚህም ነው ማርቆስ ላይ እንድታድሩ ያልሁት። በአውሮፕላን እስከ ባሕር ዳር ሄዶ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ በኩል መምጣት ይቻላል፤ ሆኖም ከባሕር ዳርም እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ረጅም የመኪና መንገድ ስላለ፣ ቅድመ ሁኔታው ለእሱም ይሠራል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰዓቱን የሚበላው ግን የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ እስከ ህዳሴ ድልድይ ቁልቁል፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ሽቅብ ያለው መንገድ፣ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ የጫኑ ከባድ መኪኖች በዝግታ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ተበላሽተው መንገዱን ይይዛሉ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መውጣት ስለሆነ ደጋ ላይ በጋቢ የተጠቀለለች ሕፃን እታች ስትደርስ በሙቀት ትጨነቃለች። ልብሷን ጎሐ ጽዮን ላይ ቀነስ ያድርጉላት፤ በቁልቁለቱም በዳገቱም ጡት ያጥቧት፤ መዋጧ የጆሮዋን ግፊት ያቀልላታል። ፀሐይ ሳትበረታ በረሃውን እንድታልፉት በማለዳ መነሣት ይበጃል። ከጅጋ እስከ አባትዎ ቤት ላለው የገጠር መንገድ ደግሞ ወንድምዎ ባጃጅ አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ይንገሩት፤ ሕፃን ታቅፈው ሞተር ብስክሌት ላይ እንዳይወጡ።

የሕፃኗን ጤና በሚመለከት የገጠር ዘመድ በፍቅር የሚያደርገውን ሁሉ ፈገግ ብሎ መቀበል አይቻልም። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው፤ የእርስዎ ልጅ እዚያ ያልደረሰች ከሆነ ብዙ ሕፃናት በሚሰበሰቡበት ዳስ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች መዋል የለባትም። ከመነሣትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ወስደው በአካባቢው ኩፍኝ እንዳለ ይጠይቁ፤ ዘጠኝ ወር ከሞላትም አስከትበው ይሂዱ። የጅጋና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ወባ ያለበት ነውና አጎበር ይዘው ይሂዱ፤ ሠርግ ቤት ለእንግዳ ሁሉ የሚበቃ አጎበር አይኖርም። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛት ሳይውሉ ሳያድሩ የደም ምርመራ ያስደርጉላት፤ የት እንደ ሄደችም ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሌላው ማር ነው። አያቶች በፍቅር ጣታቸውን ማር ነክረው ሕፃን ሊያልሱ ይወዳሉ፤ የጎጃም ማር ደግሞ ለማንም የሚከበር ስጦታ ነው። ነገር ግን ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መላስ የለበትም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭና ለከባድ ሕመም ሊዳርግ ይችላል። ይህን ለእናትዎ ለብቻቸው አስቀድመው ያስረዷቸው፤ እሳቸው ከተረዱት በሰው ፊት ማንንም ሳያሳፍሩ ይከላከሉልዎታል። ሕፃኗን አዝለው ጭስ በሞላበት ማድቤት ውስጥ አይዋሉ፤ ሥራ ሲይዙ የምትይዝልዎትን አንዲት የታመነች የአክስት ልጅ ከወዲሁ ይምረጡ።

የጥሎሹ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። የሙሽሪት ቀሚስ፣ ጌጥና ጫማ በሽማግሌዎች ፊት ተዘርግቶ የሚታይ፣ የሁለቱ ቤተሰቦች ክብር የተያዘበት ነገር ነው። እርስዎ ይዘውት እንዲመጡ ከተደረገ የሠርጉ ዕጣ በእርስዎ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መንገድ ተዘግቶ ሳለ እንኳ «ጥሎሹ እኔ ጋ ነው» ብለው ከሕፃን ጋር ወደማይሆን ጉዞ ሊገፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሐበሻ ልብሱን ከሽሮ ሜዳ፣ የቀረውን ከመርካቶ ገዝተው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ አገር ቤት በሚመለስ የታመነ ዘመድ ይላኩት። ልኩን ወንድምዎ በምስጢር ያጣራ። ከእርስዎ ጋር የሚጫነው የልጅቷ ዕቃና ለእናትዎ የሚሆን ነጠላ ብቻ ይሁን። ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ባላችሁ አቅም የምትሰጡትን ከባለቤትዎ ጋር ቤታችሁ ሳላችሁ ተስማሙበት፤ በድግሱ ላይ የሚሰጠው በደብተር ሲጻፍ እያዩ መጨመር ለጸጸት ይዳርጋል።

አሁን ስለ ባለቤትዎ ያለፈ ቅሬታ። አማች በጎጃም ቤት የሚከበር እንግዳ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል፣ ምግብና መጠጥ ቀድሞ ይቀርብለታል፣ ታናናሾች በፊቱ እንደ ልባቸው አያወሩም። እኔ እንደምገምተው ባለቤትዎን ያገለላቸው ይኸው አክብሮት ነው፤ ዘመዶችዎ ያከበሯቸው እየመሰላቸው ብቻቸውን ትተዋቸዋል። እርስዎም በሥራ ተጠምደው ሳያስተውሉት ቀርተው ይሆናል። በዚህ ጊዜ እንዳይደገም አስቀድመው ሁለት ነገር ያድርጉ። በዕድሜ ከሚቀርቧቸው አጎቶችዎ ወይም የአጎት ልጆችዎ አንዱን መርጠው «ባለቤቴን ላንተ ሰጥቼሃለሁ» ይበሉት፤ አደራ የተቀበለ ሰው ቸል አይልም። ወንድምዎ ደግሞ ባለቤትዎን ወደ ሙሽሪት ቤት በሚሄደው የአጃቢ ቡድን ውስጥ ያስገባቸው። ከሚዜዎቹ ጋር እየጨፈረ ሄዶ የተመለሰ ሰው በዚያ ቤት ባዳ አይሆንም። ይህንንም አሳስበው እንዳዘጋጁላቸው ከጉዞው በፊት ለራሳቸው ይንገሯቸው፤ ቅሬታቸውን ሰምተው ቁም ነገር ማድረግዎ በራሱ ያለዝባቸዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ «መንገዱ አላማረኝም» ካሉ ግን፣ ሕፃኗ የሁለታችሁ ናትና አይግፏቸው።

ወደ አባትዎ ሲደውሉ በወንድምዎ ወይም በአክስትዎ ስልክ በጨዋታ መካከል አይሁን። ማታ፣ ከብቱ ገብቶ እሳቸውም አረፍ ሲሉ፣ ባለቤትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው ይደውሉ። እንዲህ ቢሏቸው ይበቃል፦ «አባባ፣ ቀኑን ለመግፋት በሰው መላኬ ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ጥሎሹን ገዝቼ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ እልካለሁ። እኛም መንገዱ ሰላም ከሆነ ሐሙስ ቤት እንገባለን። ሰላም ካልሆነ ግን ይህችን ሕፃን ይዤ መነሣት አልችልም፤ ያኔ ሰው ቢጠይቅዎት ምን እንደሚሉ ከእርስዎ ጋር መመካከር ፈልጌ ነው።» ከዚያም ስልኩን ለባለቤትዎ ይስጡ። አማቻቸው ራሳቸው በስልክ ስለ ጉዞው ማማከራቸውን አባትዎ በዳሱ ውስጥ ለሰው የሚናገሩት ይሆናል።

የቀሩ እንደ ሆነ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል እሑድን አይጠብቁ፤ መስመር ባገኙበት በማንኛውም የዋዜማ ሰዓት ደውለው ወንድምዎን ይመርቁት። በዳሱ ውስጥም እርስዎን ወክሎ ስጦታዎን የሚያቀርብና ስምዎን የሚጠራ ሰው፣ በተለይ ከእርስዎ በታች ያለችውን እኅትዎን ወይም የአክስት ልጅዎን፣ አስቀድመው ይሰይሙ። ሙሽሮቹ ወደ አዲስ አበባ መምጣት ከቻሉ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ቤትዎ ጠርተው ያብሏቸው፤ መምጣት ካልቻሉም መንገዱ ሲከፈት እርስዎ ሙሽሪትን ለማየት ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ልጅዎም የኩፍኝ ክትባቷን ወስዳለች።